የውሰት አክታ

ታዘበው ሲስቅ ከእስር ቤቱ አጥር ውጭ ይሰማ ነበር። የቢቸና ገበያ ሲቆም ከአጥሩ ማዶ በርበሬና ጌሾ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች «ያ ጉደኛ ዛሬም ደስ ብሎታል» ይባባሉ እንደነበር አንዷ ነግራኛለች። ሳቁ ከትከሻው ነበር የሚጀምረው። ትከሻው ሁለት ሦስት ጊዜ ይርገበገብና ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፣ መብረቁ ታይቶ ነጎድጓዱ እንደሚዘገየው። በመጨረሻ ሳቁ ወደ ሳል ይዞርና ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ «ገደላችሁኝ እኮ» ይላል። ያችን በሳቁ ጭራ ላይ የምትመጣ ትንሽ ሳል ሁላችንም የሳቁ አንድ ክፍል አድርገን ለምደናት ነበር።

የተወለደው ከጉንደ ወይን አልፎ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ጥግ ነው። ጤፍና ገብስ የሚያርስ፣ ትርሲት የምትባል ሴት ያገባ፣ ሁለት በሬ ያለው፣ ከጎረቤቱ በምንም የማይለይ ገበሬ ነበር። እህል ባልሰመረባቸው ሁለት ዓመታት ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ አጭዷል። በ1993 ዓ.ም. ከአጎቱ ልጅ ጋር በአንዲት የድንበር ድንጋይ ተጣላ። ድንጋይዋ አንድ ክንድ ያህል ተንፏቃ ተገኘች፤ ማን እንዳንቀሳቀሳት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ታዘበው በሽመል አንድ ጊዜ መታው፤ ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ዐሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ስለዚህ ነገር ሲነሳ አይስቅም። «ለአንድ ክንድ መሬት እኔ ዐሥራ አምስት ዓመት ገበርሁ፣ አጎቴ ልጁን ገበረ» ይልና ይዘጋዋል።

እኔ በዚያ ግቢ ከሰዓት በኋላ ለጎልማሶች ፊደል አስቆጥር ነበር። በዩኒቨርሲቲ ስለ ነጻነት ብዙ አንብቤያለሁ፤ ስለ ነጻነት የሚያነብ ሰው ስለ ቁልፍ ምንም እንደማያውቅ የተረዳሁት ግን እዚያ ነው። ታዘበው ፊደል ለመለየት አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀበት። ከለየ በኋላ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የሳሙና ወረቀት፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ነገር ሲያናግረኝ ኖሮ እኔ ዝም ብየው አልፍ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። በክፍል ውስጥ ከሰማኋቸው የፍልስፍና ጥያቄዎች ሁሉ ይህኛው አብሮኝ ቀርቷል።

ሽመና ያስተማረው አብዱልዋሂድ ነው። አብዱልዋሂድ የሞጣ ሰው ነው፤ አባቱም አያቱም ሸማኔዎችና የጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ። ገበያ መሀል በተነሳ ጠብ የሚዛን ድንጋይ ወርውሮ ነፍስ አጠፋና ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። የሟቹ ዘመዶች በሞጣ እስር ቤት ስለነበሩ ደም እንዳይቃቡ ተብሎ ወደ ቢቸና ተላከ። ዝምተኛ፣ ረጋ ያለ፣ ቃሉን እንደ ክር መዝኖ የሚያወጣ ሰው ነበር። በግቢው ጥግ ካለችው ሽመና ቤት ውስጥ ከእሱ ጎን አንድ ጉድጓድ ባዶ ነበር፤ ሸማኔ እግሩን ከትቶ የሚቀመጥበት ማለቴ ነው። ታዘበውን እዚያ እንዲቀመጥ ሲመድቡት ቆሞ ቀረ።

«ገበሬ ጉድጓድ ገብቶ ክር ይጎትታል?» አለ።

«ጉድጓድስ ከገባህ ሦስት ዓመትህ ነው» አለው አብዱልዋሂድ ክሩን በምላሱ ጫፍ እያራሰ። «እኔ መቀመጫ አዘጋጀሁልህ እንጂ።»

ታዘበው ያን ቀን የሳቀው ሳቅ ነው ወዳጆች ያደረጋቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ጋቢ ጎን ለጎን ሲያድግ ሦስት ዓመት ተቀመጡ። የአንዱ መወርወሪያ ሲመለስ የሌላው ይሄዳል፤ ከክፍሌ ሆኜ ስሰማው እንደ አንድ ሰው እርምጃ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይለያቸው ነበር፤ ሥጋ። የእስላም ቢላዋና የክርስቲያን ቢላዋ በእኛ አገር እንደማይገናኝ የታወቀ ነው። አብዱልዋሂድ ስንቁ የሚመጣለት ከቢቸና ሙስሊም ቤተሰቦች ነው፤ ለብቻው ይበላል። በጾም ቀን ግን ሥጋም ቅባትም ከመካከል ስለሚወጣ ማዕዳቸው አንድ ይሆን ነበር። ረቡዕና ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ትርሲት የላከችው ሽሮና የእነዚያ ቤተሰቦች ምስር በአንድ ሳህን ላይ ይገለበጣል። አብዱልዋሂድ ባይጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቀዋል። ሰው ሁሉ ለፍስክ ሲቸኩል ታዘበው ለጾም የሚቸኩል ብቸኛ ክርስቲያን ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ «አምሳ አምስት ቀን ደገስሁ» ይል ነበር።

የ1999 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁለት ነገር አብሮ መጣ። አንዱ ደስታ ነው። ሽማግሌዎች የአብዱልዋሂድንና የሟቹን ቤተሰብ አስታርቀው ስለጨረሱ፣ ወደ ሞጣ እስር ቤት እንዲዛወር ተፈቀደ። መኪናው የሚሄደው ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። እናቱ ዑሙሰልማ ሞጣ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሊጠይቁት መጥተው፣ በሁለተኛው ጊዜ መንገዱ ደብረ ወርቅ ላይ ጥሏቸው ታመው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ደከመ፤ የኮረኮንቹን መንገድ ዳግመኛ እንደማይችሉት ሁሉም ያውቃል። በመጣ ሰው ሁሉ የሚልኩት መልእክት አንድ ነበር፦ ማየቱ ቀርቶብኛል፣ ድምፁን ልስማ። አብዱልዋሂድ ይህን መልእክት ሲሰማ መወርወሪያውን ያቆማል።

ሁለተኛው ሳል ነው። የካቲት ውስጥ አብዱልዋሂድን ደረቅ ሳል ያዘው፤ ሦስት ሳምንት አልለቅም አለው። የግቢው ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ማስተዋል ለዝውውር የተመዘገቡትን ሁሉ አሰልፋ ስትጠይቅ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ሁሉ ሦስት ጊዜ አክታ እንዲሰጥ አዘዘች። ቲቢ የተገኘበት ሕክምናውን እዚያው ይጀምራል፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳይጨርስ ከግቢው አይንቀሳቀስም። የሚቀጥለው መኪና መቼ እንደሚሄድ ደግሞ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዑሙሰልማ ያን ያህል ይቆያሉ ብሎ የሚገምትም እንዲሁ።

ክዳን ያላቸው ሦስት ትንንሽ የፕላስቲክ ዕቃዎች ላይ የአብዱልዋሂድን ስም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሲስተር የእጅ ጽሑፌን ትወደው ነበር።

በዚያ ቀን በሽመና ቤቱ ምን እንደተባባሉ በኋላ ሁለቱም ነግረውኛል፤ የሚለያዩት ማን ቀድሞ ተናገረ በሚለው ብቻ ነው። አብዱልዋሂድ ዕቃውን በመዳፉ እያዞረ ቆየና ፈራሁ አለ። ታዘበው ምን ያስፈራሃል፣ ትፋ አለው። አብዱልዋሂድ አንተ ጤነኛ ነህ፣ እንደ በሬ ነህ፣ ዋስ ሁነኝ አለ።

ይህ ቃል ለሌላ አገር ሰው ምን እንደሚመስል አላውቅም። እኛ ዘንድ ሰው ለሰው ዋስ መሆን ሃይማኖት ያህል ነው። ስለ ጓደኛው ባሕርይ ዋስ ይሆናል፣ በአንገቱ ይገባል፣ በመስቀል ይምላል። ዋስ ሁነኝ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው ስሙ ከመንደር መንደር ይዞራል። ስለዚህ ታዘበው ያሰበው እንደ ማታለል አልነበረም። ጓደኛው እናቱ ዘንድ ለመድረስ የጎደለው ንጹሕ አክታ ነው፤ እሱ ደግሞ ያንን በነጻ ይዞ ይዞራል። ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይል የለም እንዴ፣ ይኸም ምርቃት ነው ብሎ ስቆ፣ ከሳቁ ጭራ በመጣችው ሳል ዕቃውን ሞላው። በማግስቱ ጧትም፣ ከዚያም በኋላ፣ ሦስቱንም እሱ ሞላ። ሁለተኛውን ዕቃ ይዞ ወደ ክሊኒኩ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ለጓደኛው ተላላኪ የሆነ መሰለኝ።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን መጣ። አብዱልዋሂድ ተጠርቶ ሲሄድ ታዘበው ከጉድጓዱ ሆኖ በሞጣ ስለሚሸጠው ጨርቅ ዘፈን ያወጣ ነበር። አብዱልዋሂድ ሲመለስ ፊቱ የአመድ መልክ ነበረው። አክታው ቲቢ እንዳለበት፣ ከዝውውሩ እንደተሰረዘ፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ ከክሊኒኩ ጎን ባለችው ክፍል እንደሚተኛ ነገረው። ታዘበው መጀመሪያ አልገባውም። ማሽን ተሳስቷል አለ። ቀጥሎ ዕቃው ቆሽሾ ይሆናል አለ። አብዱልዋሂድ ግን ከክሊኒኩ እስከ ሽመና ቤቱ ባለችው አርባ እርምጃ ውስጥ ሁሉንም ጨርሶ አስቦ ነበር የመጣው። የጓደኛውን አንገት፣ የወጣውን የትከሻ አጥንት፣ በክረምት የጠበበውና አሁን የሰፋውን ሸሚዝ አየ። እኛ ሁላችን ጾሙ አከሳው ስንል የነበረውን ሰው እሱ በዚያች ቅጽበት አየው።

በዚያ ዘመን አንድ ደንብ መጥቶ ነበር፤ ቲቢ የተገኘበት ሰው ደሙም ለኤች.አይ.ቪ. ይመረመራል። ሲስተር ማስተዋል ሁለቱ በሽታዎች ጥንድ በሬ ናቸው ትል ነበር፤ አንዱ ያለበት እርሻ ላይ ሌላውን ፈልጉ። የአብዱልዋሂድ ደም ንጹሕ ሆነ። ግቢው ግን ይህን አልጠበቀም። ሳህኑ ተለየ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ የራሱ ሳህን ተሰጠው። ሰማው የሚባለው ካቦ፣ የክፍሉ አለቃ ማለት ነው፣ ይተኛበት የነበረውን ጥግ በአመድ አስጠረገ። በየዋለበት ሰው ከነፋሱ ወገን ይሸሻል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስድሳ ሰው ጎን ለጎን በሚተኛበት ቤት ፍርሃትም ጎን ለጎን ነው የሚተኛው።

አንድ ሰው ብቻ አልሸሸም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ታዘበው ሽሮውን ይዞ ወደዚያች ክፍል ደጃፍ ይሄዳል፤ በቀዩ ሳህን ላይ ይገለብጠዋል፤ ከአብዱልዋሂድ ጋር አብሮ ይበላል። ሲስተር ስትቆጣው ይስቃል። በሳምንት ውስጥ በግቢው የሚወራው ይኸው ብቻ ሆነ። ሰማው ራሱ «እንዲህ ያለ ሰው ከእናት አይወለድም» አለ። የማይወዱት እንኳ ሲያልፍ መንገድ ይለቁለት ጀመር። እኔም በክፍሌ ለተማሪዎቼ ስለ ፍቅር ሳስተምር የእሱን ስም ጠርቻለሁ፤ አጠገባቸው ተቀምጦ ወለሉን ሲያይ ትሕትና መሰለኝ።

በዚያች ደጃፍ ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚካሄደው። አብዱልዋሂድ በየጧቱ ክኒኑን ሲስተር ፊት ይውጣል። በአምስተኛው ቀን ሁለቱን ከምላሱ ሥር ደብቆ አወጣና በመሀረብ ጠቅልሎ ለታዘበው ዘረጋለት።

«ይኸው፣ ያንተ ነው።»

«የታመመው ስምህ ነው» አለ ታዘበው። «ስምህ ይዋጠው።»

ክኒኖቹን ወስዶ ከክሊኒኩ ጓሮ ካለው የጎመን መደብ ወረወራቸው። ለመሳቅ ሞከረና ሳሉ ቀደመው። አብዱልዋሂድ እስኪያባራለት ጠበቀ።

«አንተ አሳልፈህ ሰጠኸኝ እንዳትል፣ እኔ ለማንም አልናገርም» አለው። «ወላሂ አልናገርም። አንተ ግን ትሞታለህ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነበር የተቋጠረው። አብዱልዋሂድ ሲስተር ዘንድ ገብቶ አክታው የእኔ አይደለም ቢል፣ እንደገና ይመረመራል፤ ምናልባትም ወደ እናቱ ይሄዳል። ዋስ የሆነውን ሰው ግን አጋልጦ ነው የሚሄደው። ይህን ማድረግ አልቻለም፤ የማያስፈልገውን መድኃኒት እየዋጠ፣ ሽንቱ እየቀላ፣ የፋሲካን ቀን ይቆጥር ነበር። ታዘበው ደግሞ የፈራው ቲቢውን ብቻ አልነበረም። ከቲቢው ቀጥሎ ደሙ ይታያል። ሁለቱ የሁመራ ዓመታት፣ ከአጨዳ በኋላ ያሉት ጠላ ቤቶች፣ ስሟን የረሳት አንዲት ሴት፤ ይህ ሁሉ በአንዲት የደም ጠብታ ተነግሮ ትርሲት ዘንድ ይደርሳል። ትርሲት በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ተሸክማ የምትመጣ ሴት ናት። ከእስሩ ይልቅ የእሷን ስንቅ ማጣት ይፈራ ነበር።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ሰውን ወደ እውነት የሚገፋው ፍርሃት ነው ወይስ ፍቅር እያልሁ። ታዘበውን የገፋው ግን ከሁለቱ አንዱም አልነበረም። ምስጋና ነው የገፋው።

በሆሳዕና እሑድ አባ ገብረ ኪዳን እንደ ልማዳቸው ዘንባባ ይዘው መጡ። ክርስቲያኖቹ እስረኞች በግቢው መሀል ተሰበሰቡ፤ ዘንባባው ተሰነጣጥቆ ለሁሉም ታደለ፣ እያንዳንዱ በግንባሩ አሰረ። አብዱልዋሂድ በሩቁ ከክፍሉ ደጃፍ ተቀምጦ ያይ ነበር። አባ ስለ ሕሙም መጠየቅ አስተማሩና በመጨረሻ፣ ቅዱሳን በገድል መጽሐፍ ብቻ አይደሉም፣ በመካከላችሁም አንድ አለ፣ በሃይማኖት የማይመስለውን ሕመምተኛ ያልተጸየፈ፣ ከሳህኑ የበላ አሉ። ስሙን ጠርተው እንዲነሳ አዘዙት። ሊመርቁት ነው።

ታዘበው ተነሣ። ዘንባባው በግንባሩ ላይ ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ነበር። ትከሻው ሲርገበገብ አየሁና ሊስቅ ነው ብየ ጠበቅሁ፤ ድምፁ ግን ሳይመጣ ቀረ።

«አባ፣ አይመርቁኝ» አለ። «በሽታው የእኔ ነው። አክታውን የተፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ስሙን ብቻ ነው ያዋሰኝ። ከእሱ ሳህን የበላሁ እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው ከእኔ ጋር የበላ፣ እያወቀ።»

አባ ገብረ ኪዳን የዘረጉትን መስቀል አልመለሱም፤ ወደ እሱ ሄደው በግንባሩ ላይ፣ ዘንባባው የተንሸራተተበት ቦታ ላይ አሳረፉት። ከዚያም ወደ አብዱልዋሂድ ዞረው ጎንበስ አሉ። እስላም ስለሆነ መስቀል አይሰጡትም፤ የጎነበሱት ግን እስከ ጉልበታቸው ነበር።

ሰኞ ሲስተር ማስተዋል ሁለቱን ጠርታ የተናገረችው ቁጣ ከግድግዳው አልፎ ይሰማ ነበር። በአንተ አክታ ክኒን ሲውጥ የከረመው ጤነኛ ሰው ጉበቱ ቢጎዳስ፣ አንተስ በየጧቱ ስንት ሰው ላይ ስታስል ከረምህ አለች። ቀጥላ ወደ እኔ መጣች፤ የጻፍኋቸውን ስሞች ማን እንደተሸከማቸው አላየህም ወይ አለችኝ። ተሸካሚውን አይቻለሁ፣ የተሸከመውን አላየሁም አልኋት። ለእንዲህ ያለ መልስ ጊዜ አልነበራትም።

የታዘበው አክታ በስሙ ተመረመረና ያው ሆነ። ደሙም ታየ፤ ቫይረሱ ነበረበት። አብዱልዋሂድ ሦስቱን ዕቃ በራሱ ሳል ሞልቶ ሰጠ። ንጹሕ ነበር። ሦስት ሳምንት ያሳለው በሽመና ቤቱ የሚበንነው የጥጥ ብናኝ ነው። ሲስተር መኝታ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሁሉ መረመረችና አምስት ሰው አገኘች፤ ከአምስቱ አንዱ ሰማው ነበር። መስኮቶቹም ከዚያ በኋላ በቀን እንዲከፈቱ ታዘዘ፤ ነፋስ ይመታናል ብሎ ያጉረመረመው ሰው ሁሉ ሰማው ራሱ ሲከፍት እያየ ዝም አለ።

በጸሎተ ሐሙስ ትርሲት ጉልባን ይዛ መጣች። ታዘበው ከክሊኒኩ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ፣ ሁሉንም ነገራት። እኔን አጠገቡ እንድቀመጥ ለምኖኝ ነበር፤ ቃል ቢጠፋኝ ታቀብለኛለህ ብሎ። አልጠፋውም። ሁመራን ሲጠራ ድምፁ አነሰ እንጂ። ትርሲት እስኪጨርስ የጉልባኑን ክዳን በእጇ ይዛ ቆየች። አላለቀሰችም። ወደ ዓባይ አቅጣጫ፣ ወደ አገሯ፣ ትንሽ አየች።

«በል ብላ» አለችው። «እኔ የምለውን ሳውቀው እነግርሃለሁ።»

የምትለውን የነገረችው ከሦስት ወር በኋላ ነው ይባላል፤ ምን እንደሆነ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። በዚያው ሐሙስ ሲስተር ደሟን አየችላት፤ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲያም ስንቁ አንድ ጊዜም አልቀረም።

ትርሲት ከሄደች በኋላ አብዱልዋሂድ መጣ። አሁን ከበሽታው ነጻ ሰው ነው፤ ስሙ ወደ ዝውውሩ ዝርዝር ተመልሷል። ቀዩን ሳህን አንስቶ፣ አጥቦ፣ ጉልባኑን ገለበጠና ከታዘበው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ታዘበው አትብላ አለው። አሁን እኮ እውነቱ ታወቀ፣ ተው አለው። አብዱልዋሂድ ሲስተርን ጠይቄያታለሁ፣ ፀሐይና ነፋስ ባለበት ብዙ አያሰጋም፣ በሳህንም አይተላለፍም፣ ወደ ፊትህ አያስል እንጂ ብላለች አለው። ታዘበው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ አብዱልዋሂድ ቀጥ ብሎ፣ በሉ። ከቀዩ ሳህን የተበላው የመጨረሻው ማዕድ ነው።

መኪናው ማክሰኞ መጣ። ፋሲካ ስለነበር ግቢው ሥጋ ሥጋ ይሸት ነበር፤ ማዕዳቸው ተለያይቷል። የመሰናበቻ እንጀራ አብረው ሳይቆርሱ ነው የተለያዩት። አብዱልዋሂድ ከመኪናው ላይ ሆኖ ያልጨረሰውን ጋቢ ጨርስልኝ አለው። ታዘበው ማጉን አጥብቄ ልምታው ወይስ እንዳንተ ላላ አድርጌ ብሎ ጮኸበት፤ ሰዉ ሳቀ። መኪናው ወደ ደብረ ወርቅ መንገድ ሲታጠፍ ታዘበው አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

ከዚያ ያለው ረጅም የክኒን ታሪክ ነው፤ ስምንት ወር የቲቢው፣ መካከል ላይ የተጀመረው የዕድሜ ማራዘሚያው ደግሞ እስከ ዛሬ። መጀመሪያ አስታወከው፣ ቅዠት አመጣበት፣ አንድ ጊዜም ልተወው ብሎ ነበር። አባ ገብረ ኪዳን መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ብለው በጧት እንዲውጥ አዘዙት። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ሸሚዙ እንደገና ጠበበው። ያን ጊዜ አንድ ቀን በክፍሌ ሲስቅ ሰማሁና የሆነ ነገር ጎደለብኝ፤ ሳቁ አለቀ፣ ሳሏ ግን አልመጣችም። ለካ ስንት ዓመት ስወደው የነበረው ሳቅ ግማሹ በሽታው ነበር። ሰው የሚናፍቀውን ነገር መርምሮ ቢናፍቅ ኖሮ ትዝታ የሚባል አይኖርም ነበር ይሆናል።

አብዱልዋሂድ ከሞጣ በሰው ይልክ ነበር። እናቱ በየዓርቡ ከሶላት በኋላ በልጃቸው በሀኒያ ተመርተው እየመጡ ከአጥሩ ወዲህ ይቀመጣሉ። አያዩትም፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ እንዲያወራላቸው ብቻ ይፈልጋሉ። ያ ዝምተኛ ሰው ለእናቱ ሲል ወሬኛ ሆነ አሉ። አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዲህ መጥተው፣ ከጥቂት ቀን ሕመም በኋላ አረፉ። መልእክቱ ሲደርሰው ታዘበው ሽመና ቤቱ ውስጥ ነበር። ዓመት ከአራት ወር ስንት ዓርብ እንደሚሆን አስልልኝ አለኝ። ሰባ ገደማ ነው አልሁት። ቁጥሩን በከሰል በግድግዳው ላይ፣ ባስተማርሁት ቁጥር፣ ጻፈው።

ታዘበው በአመክሮ የተፈታው በጥቅምት 2003 ዓ.ም.፣ ሰኞ ቀን ነው። እኔም ያን ወር ጡረታ ወጥቼ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ሞጣ ልመለስ ስለነበር አብረን እንድንሄድ ነገርሁት። አብዱልዋሂድ ከሁለት ዓመት በፊት ተፈትቶ የአባቱን ሱቅ ከፍቷል። ትርሲትም ሞጣ ደርሶ እንዲመጣ ተስማምታለች። እሱ ግን ሰኞ አልንቀሳቀስም አለ። ማክሰኞም አልሄድም አለ። ዐሥር ዓመት የታሰረ ሰው ሁለት ቀን በቢቸና ምን ይጠብቃል ብየ ተናደድሁበት።

«ጋሼ፣ ሰኞ ሄጄ ምን እንበላለን?» አለኝ።

ረቡዕ ጧት አውቶቡስ ተሳፈርን። በጉልበቱ ላይ የተጠቀለለ ጋቢ ይዞ ነበር፤ ግማሹ ላላ ብሎ የተመታ፣ ግማሹ ጠበቅ ያለ። በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን ስናልፍ በመስኮቱ የሚያየውን ሰሌዳ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ሄደ። ሞጣ የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። አብዱልዋሂድ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ተያዩ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ሰባት ጊዜ። ከዚያ አብዱልዋሂድ ጋቢውን ፈትቶ በብርሃኑ አየውና ታዘበው የት ላይ እንደተቀበለው በጣቱ አገኘው።

«አጥብቀህ መታኸው» አለ።

«አንተ አላልተኸው እንጂ።»

ሀኒያ ሽሮውን አቅርባ ክዳኑን ልታነሳ ስትል ታዘበው እጁን አነሳ። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። አብዱልዋሂድ ሰዓቱን አየ፤ ገና አርባ ደቂቃ ይቀረዋል። ክዳኑን አጥብቆ ገጠመው፤ ሀኒያን ሌላ ሳህን እንዳታመጣ በዓይኑ ከለከላትና እናቱ ይቀመጡበት በነበረው መደብ ላይ ከጓደኛው ጎን ተቀመጠ። የገበያው ጫጫታ ከደጅ ይሰማል። ሁለቱም እጃቸውን ታጥበዋል፤ ሳህኑ በመካከላቸው ነው፤ ይጠብቃሉ።